የበላነው ምግብ ወዴት ይሄዳል?

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር፤ ለመጽሔታችን ሲባል በመጠኑ ተስተካክሎ የቀረበ)



የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴያችን ስለ ምግብ አንድ ነገር እንድናገር ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የመለስኩት «እድርንና የምግብ ትምህርትን ምን አገናኛቸው? እኛ የምንገናኘው ሰው ሲሞት ነው» የሚል ነበር። ጸሐፊያችን ታዲያ ሳቅ ብሎ «ጋሼ፣ ያን ሁሉ ድስት የገዛነው ለምን ይመስልዎታል?» ብሎ አፌን አስያዘኝ። እውነቱን ነው። የንብረት መዝገባችንን ብትገልጡት ከድንኳኑና ከአግዳሚ ወንበሩ ቀጥሎ የተጻፈው ድስት፣ ጭልፋ፣ ሰሃን፣ ብርጭቆና የሻይ ማንቆርቆሪያ ነው። ሐዘንተኛን የምናጽናናው ግማሹን በቃል፣ ግማሹን በእህል ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ በድንኳናችን ውስጥ የደረሰውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ወደ እሱ እመለስበታለሁ። አስቀድሜ ግን የበላነው ነገር በሰውነታችን ውስጥ ምን እንደሚሆን በተራ አማርኛ ላስረዳ፤ ያለዚያ ነገሩ አይገባም። ለ31 ዓመት በጤና ረዳትነት ስሠራ ያየሁት ይህንን ነው፦ ሰው «ይህን ብላ፣ ያን ተው» ሲባል እሺ ይልና በሩን ሲወጣ ይረሳዋል። ለምን እንደሆነ የገባው ግን አይረሳም።

እንግዲህ ከንፍሮ ልጀምር። ለቅሶ ቤት ስንዴውን ከባቄላ ወይም ከሽምብራ ጋር ቀቅለን እናቀርባለን። እናቶቻችን ይህን ሲያደርጉ የምግብ ሳይንስ መጽሐፍ አልገለጡም፤ ይሁን እንጂ በዚያ ዋጋ ከዚያ የተሻለ ምግብ እዘዝ ብባል በበኩሌ አልችልም። ነገሩ እንዲህ ነው። ሥጋችን፣ ቆዳችን፣ ጠጉራችንና ጥፍራችን ሳይቀር የሚሠራው ፕሮቲን ከሚባለው አካል ገንቢ ነገር ነው። ፕሮቲን ደግሞ አንድ ወጥ ነገር አይደለም፤ አሚኖ አሲድ የሚባሉ 20 ዓይነት ጥቃቅን ነገሮች እየተቀጣጠሉ የሚሠሩት ነው። ከእነዚህ ውስጥ 9ኙን ሰውነታችን በራሱ ሊሠራቸው ስለማይችል የግድ ከምግብ ማግኘት አለበት።

ድንኳናችንን አስቡት። 40 ካስማ ኖሮን ገመዱ 10 ብቻ ቢሆን፣ የሚጠቅመን 10ሩ ካስማ ብቻ ነው፤ 30ው ጥግ ላይ ተከምሮ ይቀራል። ስንዴም እንደዚሁ ነው። ላይሲን የሚባለው አሚኖ አሲድ ያንሰዋል፤ ስለዚህ ሌላው ቢተርፈውም ሰውነት በሙሉ ሊሠራበት አይችልም። ባቄላና ሽምብራ ላይሲን ሞልቷቸዋል፤ የሚያንሳቸው ሜቲዮኒን የሚባለው ነው፤ እሱ ደግሞ በስንዴ ውስጥ ይገኛል። ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። እንጀራ በሽሮ፣ እንጀራ በምስር ያው ነው። «ሥጋ መግዛት ካልቻልን ልጆቻችንን ምን እንገነባቸዋለን?» ለምትሉ መልሱ በየቤታችን ጓዳ አለ ማለት ነው። ከእንስሳት ብቻ የሚገኘው ቪታሚን ቢ 12 ነው፤ እሱን ጉበት ለረጅም ጊዜ ስለሚያከማች፣ በፍስክ ቀን ወተትና እንቁላል የሚያገኝ ጾመኛ አይቸገርም። ጓያን ግን ከእነዚህ ጥራጥሬዎች ጋር እኩል አልቆጥረውም። በክፉ ቀን ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን እግርን እንደሚያሽመደምድ በአገራችን በተደጋጋሚ ታይቷል።

አሁን ያን ንፍሮ እንከተለው። ገና አፍ ውስጥ ሳለ ምራቅ ሥራውን ይጀምራል። የማታምኑኝ ካላችሁ ቁራሽ ዳቦ ሳትውጡ ረዘም አድርጋችሁ አኝኩ፤ እየጣፈጠ ይሄዳል። ምራቃችን የዳቦውን ስታርች ወደ ስኳርነት እየለወጠው ነው። ጨጓራ ውስጥ ደግሞ ኃይለኛ አሲድ ይጠብቀዋል፤ ፕሮቲኑ መበታተን የሚጀምረው እዚያ ነው። ከዚያም ወደ ቀጭኑ አንጀት ይገባል፤ ርዝመቱ 6 ሜትር ያህል ይሆናል። ሀሞት ቅባቱን እንደ ሳሙና ይበታትነዋል፤ ከቆሽት የሚመጣው ፈሳሽ የቀረውን ያልመዋል። የላመው ምግብ በአንጀቱ ግድግዳ እየሰረገ ወደ ደም ይገባል፤ ገለባው ብቻ ወደ ትልቁ አንጀት ያልፋል። ገለባው ከንቱ ነው እንዳትሉ፤ ሆድ ድርቀት ያስቸገረው ሰው ዋጋውን ያውቀዋል።

ከአንጀት የተነሣው ደም በቀጥታ ወደ ልብ አይሄድም። መጀመሪያ በጉበት በኩል ያልፋል። ጉበት የሰውነታችን ገንዘብ ያዥ ነው ብል የእኛው ገንዘብ ያዥ አይቀየሙኝም። የመጣውን ይረከባል፣ መርዝ የሆነውን ለይቶ ያስወግዳል፣ ለዛሬ የሚያስፈልገውን ያወጣል፣ የተረፈውን ያስቀምጣል። እድራችን ለድንገተኛ ነገር ጥቂት ገንዘብ በእጅ ይዞ የቀረውን ባንክ እንደሚያስገባ ሁሉ ጉበትም 100 ግራም ያህል ስኳር ለእጅ ወጪ ይይዛል፤ ከዚያ የተረፈው ወደ ስብ ተለውጦ ቆዳችን ሥርና ሆዳችን ላይ ይቀመጣል። ባንኩ ይህ ነው። ስብ ለማስቀመጥ የሚመችበት ምክንያትም አለው። 1 ግራም ስኳር ወይም ፕሮቲን 4 ኪሎ ካሎሪ ኃይል ሲሰጥ፣ 1 ግራም ቅባት ግን 9 ይሰጣል። ለዚህ ነው ዘይት በወጥ ላይ ስናንቆረቁር ሳናውቀው ብዙ የምናስቀምጠው። የእጅ ወጪው ግን አንድ ሌሊት፣ ቢበዛ አንድ ቀን ያህል ቢያቆይ ነው።

በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ፣ ይኸውም በ5 ሊትሩ ሁሉ ማለት ነው፣ በአንድ ጊዜ የሚዞረው ስኳር ምን ያህል ይመስላችኋል? አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። 5 ግራም ገደማ። ከዚያ ብዙ ቢጨምር ይጎዳል፣ ብዙ ቢቀንስም ይጎዳል። በተለይ አንጎላችን ክብደቱ ከ1 ኪሎ ተኩል የማይበልጥ ሆኖ ሳለ ካረፍንበት ሰዓት ኃይል አንድ አምስተኛውን የሚበላው እሱ ነው፤ ዋና ቀለቡም ይኸው ስኳር ነው። ስኳሩ ከደም ወጥቶ ወደ ሥጋችን እንዲገባ በሩን የሚከፍተው ኢንሱሊን የሚባል ከቆሽት የሚመነጭ ነገር ነው። ቆሽቱ ኢንሱሊን ካቆመ፣ ወይም በሩ አልከፈት ካለ፣ ስኳሩ ደም ውስጥ ይከማቻል፤ የስኳር በሽታ የምንለው ይህንን ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1921 በካናዳ ቶሮንቶ ከተማ ባንቲንግና ቤስት ኢንሱሊንን ለይተው እስኪያወጡ ድረስ ቆሽቱ ኢንሱሊን ያቆመበት ሕፃን ተስፋ አልነበረውም። ዛሬ በመርፌ ይወሰዳል። ነገር ግን መርፌው እንደ ቆሽት አያመዛዝንም። ሰውየው በላም አልበላም የተወጋው ኢንሱሊን በሩን መክፈቱን አይተውም።

ያ ቀን የሆነው እንግዲህ ይህ ነው። ታሪኩን የምናገረው ባለቤቷ የሆነችው እኅታችን ፈቅዳልኝ ነው፤ ስሟን ግን አላነሣም። እናቷ ሌሊት ዐረፉ። ጠዋት እንደ ልማዷ የኢንሱሊን መርፌዋን ተወጋች። ቁርስ ግን አልቀመሰችም፤ እናቱ የሞተችበት ሰው ምን ይበላል? ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ተቀምጣ ሳለ ያልባት ጀመር። እጇ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ የማይያያዝ ነገር መናገር መጣ፤ የሞቱትን እናቷን «ሻይ አፍሉልኝ» ትል ጀመር። እኛ ምን አልን? «ሐዘኑ በረታባት» አልን። አንዱ ውሃ ይረጫታል፣ ሌላዋ በነጠላ ታራግባለች፣ ጥቂቶቹ «አልቅሺ፣ ይውጣልሽ» ይሏታል። እኔ የ31 ዓመቱ ባለሙያ ከአጠገቧ 2 ሜትር በማይሞላ ርቀት ተቀምጬ «አየር ስጧት» ከማለት በቀር ያደረግሁት ነገር የለም። ስኳር በሽታ እንዳለባት አላውቅም ነበር፤ አልጠየቅሁምም። ያዳነቻት የ12 ዓመት ልጇ ናት። ከጓዳ ሮጣ መጥታ «እማዬ ስኳር አላት፤ ጣፋጭ ስጧት!» ብላ ጮኸች። ብርጭቆ ሻይ ውስጥ 3 ማንኪያ ስኳር አማስለን አጠጣናት። ከሩብ ሰዓት በኋላ ቀና ብላ ዙሪያዋን አየችና «ምን ሆኛለሁ?» አለች።

ሩብ ሰዓት ነው የፈጀው። ዘግይተን ቢሆን ኖሮ በአንድ ሳምንት ለሁለት ሰው ጥሩንባ እናስነፋ ነበር። ከዚያ ወዲህ ድንኳን ውስጥ በገባሁ ቁጥር ያቺ ሴት የተቀመጠችበትን ቦታ አያለሁ፤ ሌላ ምን ልበላችሁ።

ስለዚህ ይህን ያዙልኝ። መርፌ ወይም ኪኒን የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ሐዘን ላይም ሆነ መንገድ ላይ ሲያልበው፣ ሲንቀጠቀጥ፣ ልቡ ሲመታ፣ ነገር ሲምታታበት ካያችሁ፣ መዋጥ የሚችል ከሆነ ወዲያው 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ ወይም በሻይ አድርጋችሁ ስጡት። ሩብ ሰዓት ጠብቁ። ካልተሻለው ድገሙት። ሲነቃ እንጀራ ወይም ዳቦ ይብላ፤ የስኳሩ ውሃ ብቻውን አያቆየውም። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም እንዳትጨምሩ፤ ወደ ሳንባው ገብቶ ያንቀዋል። በጎኑ አስተኙትና ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሐኪም ቤት አድርሱት። ጾም የሚጾም የስኳር ሕመምተኛም፣ የክርስቲያኑም ጾም ሆነ የረመዳን፣ ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር፤ የመድኃኒቱ መጠንና ሰዓት ሊለወጥ ይችላል።

ወደ ሌላ ጉዳይ ልለፍ። በየቤታችን «ራሴን ያዞረኛል፣ ደረጃ ስወጣ ልቤ ይመታል» የሚሉ እናቶች ብዙ ናቸው፤ ብዙውን ጊዜ ደም ማነስ ነው። ቀይ የደም ሕዋስ ዕድሜው 120 ቀን ያህል ብቻ ስለሆነ ሰውነታችን ያለማቋረጥ አዲስ ይሠራል፤ ለዚህም የብረት ማዕድን ይፈልጋል። «ጤፍ ብረት ሞልቶታል፣ እኛን ምን ነካን?» ትሉ ይሆናል። ጤፍ ብረት አለው፤ ሆኖም በእህልና በቅጠላ ቅጠል ውስጥ ያለው ብረት እንደ ሥጋው ብረት በቀላሉ ወደ ደም አይገባም። ሊጡ ሲቦካ ጥቂት ይፈታል፤ ሎሚ፣ ቲማቲም ወይም ጥሬ ቃሪያ አብሮ ሲበላ ደግሞ የበለጠ ይፈታል። ወዲያው ከምግቡ ላይ የሚጠጣ ቡናና ሻይ ግን ብረቱን አስሮ ይይዘዋል። ቡና ተዉ አላልኩም! እንዲያ ብል ከሁሉ በፊት እጇን የምታወጣው የቤቴ እመቤት ናት። ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቆይታችሁ አፍሉት ነው የምለው። እርጉዝ ሴት ግን በምግብ ብቻ አትወጣውም፤ ከጤና ጣቢያ የሚሰጣትን የብረትና የፎሊክ አሲድ ኪኒን መዋጥ አለባት።

ስለ ሕፃናት አንድ ነገር ሳልናገር አልወርድም። ወጣት ሳለሁ በአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ አንዲት አያት የልጅ ልጃቸውን አዝለው መጡ። ለክትባት ነው የመጡት እንጂ ታመመ ብለው አይደለም። «ዘንድሮ ደግሞ ወፈረልኝ» አሉኝ ደስ ብሏቸው። የልጁን እግር በአውራ ጣቴ ጫን አድርጌ ስለቀው ጣቴ የገባበት ጉድጓድ ሆኖ ቀረ። ውሃ ነበር እንጂ ሥጋ አልነበረም። ጠጉሩ ሳስቶ ቀላ ብሏል፤ ልጁም አይስቅም፣ አይጫወትም። ክዋሽዮርኮር የሚባለው በሽታ ይህ ነው። ታናሹ ሲወለድ ከጡት ተነሥቷል፤ ከዚያ ወዲህ ቀጭን አጥሚት ብቻ ነበር የሚጠጣው። አያትየው በልጁ ላይ ክፉ አላሰቡም፤ ያላቸውን ሰጥተዋል። ቀጭን አጥሚት ግን አብዛኛው ውሃ ነው፤ የሕፃን ሆድ ደግሞ ጭብጥ ታክላለች፣ በውሃ ትሞላለች።

እስከ 6 ወር ድረስ የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል፤ ውሃም አይጨመር። ከ6 ወር በኋላ ጡቱ ሳይቋረጥ ወፈር ያለ ገንፎ ይጀመር፤ የእህሉ ዱቄት ላይ የባቄላ ወይም የሽምብራ ዱቄት ይቀላቀል፣ የንፍሮው ምክንያት እዚህም ይሠራልና። ጥቂት ዘይት ወይም ቅቤ ጠብ ይደረግበት፤ ሲገኝም እንቁላል። የደቀቀ ጎመን፣ ካሮት ወይም ዱባ ቢገባበት ከዳፍንት ይጠብቀዋል፤ በውስጣቸው ያለው የቪታሚን ኤ መነሻ ግን ያለ ቅባት በደንብ ስለማይሰርግ ዘይቷ አትቅር። ተቅማጥ ሲይዘው ምግብ መከልከል ትልቅ ስሕተት ነው፤ የዚያን ጊዜ ነው ይበልጥ የሚያስፈልገው። በተረፈ ደግሞ ሕፃን አጀባብነን ቤት ውስጥ «ብርድ እንዳይመታው» ብለን አንዝጋበት። ቪታሚን ዲ የሚሠራው ቆዳችን ላይ በፀሐይ ነው፤ አሥራ ሦስት ወር ፀሐይ ባለበት አገር ልጅ በሪኬትስ እግሩ ሲጣመም ማየት ያሳዝናል።

ጨውን በአጭሩ። ሁለት ነገር ነው የምለው። አንደኛ፣ አዮዲን ያለበት ይሁን፤ በአገራችን በ2003 ዓ.ም. በደንብ የታዘዘውም ለእንቅርትና ለሕፃናት የአእምሮ ዕድገት ሲባል ነው። ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ፣ ወጡም ሊወርድ ሲል ይጨመር፤ አዮዲኑ በብርሃንና በሙቀት ይጠፋል። ሁለተኛ፣ ይነስ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ትልቅ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው የሚለው፤ ያውም ከሁሉም ምግብ ተደምሮ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ደም ግፊት ያለባችሁ አባላት ብዛታችሁን አውቃለሁ፤ የእድሩ ወጥ ላይ የሚጨመረውንም ጨው አይቻለሁ። ወጥ ሠሪዎቻችን አትቀየሙኝ።

ከንግግሩ በኋላ የተነሡ ጥያቄዎች ነበሩ። አንድ አባት «ለስኳር ሕመምተኛ ማር ከስኳር አይሻልም ወይ?» ብለው ጠየቁ። አይሻልም፤ ማርም ስኳር ነው፤ ደም ውስጥ ገብቶ የሚያደርገው ያው ነው። አንዲት እናት ደግሞ «ነጭ ሽንኩርት እየበላሁ የግፊት ኪኒኔን ብተወውስ?» አሉ። ነጭ ሽንኩርቱን ይብሉት፣ ኪኒኑን አይተዉት። ጎመን ስለ መቀቀልም ተጠየቅሁ፤ ቪታሚን ሲ በሙቀት ስለሚጠፋና ወደ ውሃው ስለሚወጣ በጥቂት ውሃ ለአጭር ጊዜ ይቀቀል፣ ውሃውም አይደፋ አልኩ።

በመጨረሻ ለኮሚቴው ሁለት ሐሳብ አቀረብኩ። አንደኛው በአባላት መዝገብ ላይ፣ ፈቃደኛ የሆነ ሰው ብቻ፣ የስኳር ሕመም እንዳለበት ይመዝገብ፤ ሐዘን የደረሰበት ቤት ስንገባ ከሁሉ በፊት «መድኃኒት የሚወስድ አለ ወይ? እህል ቀምሷል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው ይመደብ የሚል ነው። በዚህ ላይ ክርክር ተነሣ። ጥቂት አባላት በሽታ የግል ጉዳይ ነው፣ መዝገብ ላይ አይውጣ አሉ፤ ሐሳባቸውም ክብደት አለው። ስለዚህ መዝገቡ ለሚቀጥለው ስብሰባ ቆይቶ ጠያቂ ሰው እንዲመደብ ብቻ ተስማማን። ሁለተኛው ሻዩን የሚመለከት ነው። እስከ ዛሬ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ስኳር ጨምረን ነበር የምናፈላው፤ የስኳር ሕመምተኛው ወይ ሳይጠጣ ይቀራል፣ ወይ አፍሮ ይጠጣል። ይህ በድምፅ ብልጫ ጸድቋል፦ ከሚቀጥለው ለቅሶ ጀምሮ ሻዩ ያለ ስኳር ይፈላል፤ ስኳሩ በቆርቆሮ ለብቻው ከድንኳኑ መግቢያ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ ቆርቆሮውም ባዶ እንዳይሆን አንድ ሰው ይጠብቀዋል። የቆርቆሮው ጠባቂ ገና አልተመረጠም፤ ፈቃደኛ የሆነ አባል ለጸሐፊያችን ይንገር።